ጭምቷ ልጅ እኔ አይደለሁም

ደብዳቤውን ያሳዩኝ መምህሬ ራሳቸው ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ተማሪው ሳያየው በቀጥታ ላመለከተበት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚላከው፤ እሳቸው ግን ደስ ይበላት ብለው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። «አንብቢው፤ እንዳንቺ አሳምሬ የጻፍኩለት ተማሪ የለም» አሉኝ።

አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ወደ እኛ ሲመለስ ግን የሚለው እንዲህ ነበር፦ ይህች ልጅ ጭምት ናት፣ ታዛዥ ናት፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም፣ መምህር ሲናገር አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች።

እንዴ! ማናት ደግሞ ይህች?

የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢያነብ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ እኮ ምላሴ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነኝ። እኚሁ መምህር ጤፍን በመስመር መዝራት ሲያስተምሩን እጄን አወጣሁና፣ «ቲቸር፣ ሸነን ገጠር የሚያርሰው አጎቴ ሞክሮት ነበር፤ የሚያግዘው ሰው አጥቶ ግማሹን መሬት እንደ ድሮው በትኖ ነው የዘራው። ጉልበት የሌለው ገበሬ ይህን እንዴት ይችለዋል?» ብዬ ክፍሉን አምሼዋለሁ። እሳቸው ተቆጡ፤ እኔም አልቀመጥም አልኩ። ማን ትክክል እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያላግባብ ማርክ ተቀንሶብኛል ብዬ ቢሯቸው በር ላይ ተገትሬ እስኪያስተካክሉልኝ አልሄድኩም። ይህን ሁሉ ረስተውት አይደለም። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ነውሬን እየሸፈኑልኝ ነበር።

ማመልከቻው አውሮፓ ሄዶ አንድ ሴሚስተር ለመማር ነው። ከእኛ ዲፓርትመንት ያመለከትነው ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና ካቺሲ ከምትባል ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ። እኔ አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁ፣ ዩኒቨርሲቲም እዚያው የደረሰኝ ሰው ነኝ። የሰፈሬ ልጆች ጎንደርና ሐዋሳ ሲመደቡ፣ እኔ ከእናቴ ቤት በባጃጅ ነበር ክፍል የምገባው። ያን ጉዞ እንዴት እንደፈለግሁት! በህልሜ ሳይቀር ሻንጣ እሸክፍ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርን፤ አራተኛ ዓመት የገባ ተማሪ ደግሞ አይቀበሉም። ያ ካመለጠ አመለጠ ማለት ነው።

«ቲቸር፣ ይህች እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሳቅ ብለው። «ታዲያ ምን ላድርግ? ተከራካሪ ናት፣ ለመምህሯ አትመለስም ብዬ ጽፌ ላበላሽብሽ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ብለው ይጻፉልኝ።»

«በጤናሽ ነው?»

«እኔ ማመልከቻዬ ላይ ስለ ጤፉ ክርክር ጽፌያለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም ነን ነው የሚለው።»

«እሱን አውጪዋ! ምን ችግር አለው?»

ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት ተምሬ ከተናገርኩት ሁሉ የምኮራበት ያንን ነው፤ እሱን ነው አውጪ የሚሉኝ። «አላወጣም» አልኩ። እሳቸውም ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ አስቢበት» ብለው በሩን አሳዩኝ።

እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ነገሩን ስነግራት ገና ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። እሷ በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ላይ ጉዞው ይሳካላት ተብሎ ስሜ በየሳምንቱ ይነሳ ስለነበር፣ ጉዳዩ የእኔ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል።

«ማሎ፣ ኢንታላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ» አለችኝ። «ወረቀት ላይ ብቻ ዝም ብትዪ ምን አለበት? እዚያ ከደረስሽ በኋላ እንደልብሽ ትለፈልፊያለሽ።»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡ። «እማዬ፣ ይህን ምላስ ያወረስሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? መድኃኒት ጠፋ ብለሽ ስብሰባ ላይ ኃላፊዎቹን ያፋጠጥሽው ማነሽ?»

«ምን አተረፈልኝ ታዲያ?» አለች፣ ጫማዋን እየፈታች። «ሥልጠና በመጣ ቁጥር ስሜ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይሰረዛል። አንቺም እንደ እኔ እንድትቀሪ አልፈልግም።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። አንጀቴን በላችው። ግን እሺ ሊያሰኘኝ የሚገባው ነገር ይበልጥ እንቢ አሰኘኝ። እሷን የሰረዟት በመናገሯ ነው። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴን በራሴ ልሰርዝ? ኧረ ወዲያ!

በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን በጨው አጥቤ መምህሬ ቢሮ ተመለስኩ። ገና ሲያዩኝ ገባቸው። «አላሰብሽበትም ማለት ነው» አሉ።

«አስቤበታለሁ። እውነቱን ይጻፉልኝ። ያኔ አስቸግሬዎት ከሆነ ማስቸገሬንም ይጻፉት።»

«ይሁን፤ በኋላ ግን እኔን እንዳትወቅሺ» ብለው በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ። ይህች ተማሪ ትከራከራለች አሉ። ካላመነች አትቀመጥም፤ ብዙ ጊዜ አናዳኛለች፤ እሷ እጇን ስታወጣ ግን የሚያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል አሉ። የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ስለ እኔ እንደዚያ ያለ ነገር የተናገረም የጻፈም ሰው አልነበረም። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አሰልችቶን፣ መላኩን በዓይኔ ሳላይ ከወንበሩ አልተነሳሁም።

መልሱ መጣ። የካቺሲዋ ልጅ አለፈች፤ እኔ ወደቅሁ። ምክንያቱን አልጻፉም። ብዙ ጎበዝ አመልካቾች ነበሩ፣ እናመሰግናለን፣ በቃ። አለቀስኩ። ቀናሁም፤ ለምን እዋሻለሁ? መምህሩ ለእሷም ያንኑ ጭምት፣ ታዛዥ የሚለውን ነበር የጻፉላት። ለእሷ ግን እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ያቺ ልጅ ስትጠየቅ ቆይታ ነው የምትመልሰው፤ አንዴ ከተናገረች ደግሞ የሚጨመርበት የለም። የምትሄድ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። አቀፈችኝና እንደ ልማዷ ምንም ሳትል አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።

ከተማው ደግሞ የታወቀ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ የጸሎት ሴቶቹ ምላሷ ነው ያስቀራት አሉ አሉ። ይበሉ። የሚቆጨኝ ጉዞው ነው እንጂ እንቢታዬ አይደለም። እናቴ አንድም ቀን «አላልኩሽም?» አላለችኝም። መምህሬ ግን አላለፉኝም። ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ፤ ሊያሾፉብኝ ሳይሆን ከልባቸው አዝነው።

«አየሽ፣ መጀመሪያ የእሷና ያንቺ ደብዳቤ አንድ ነበር» አሉኝ። «እሺ ብትዪኝ ኖሮ ይሄኔ ሁለታችሁም እዚያ ነበራችሁ።»

ሊሆን ይችላል። እሱን ማንም አያውቀውም። እኔ ግን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ቲቸር፣ እሷ የሄደችው በራሷ ደብዳቤ ነው» አልኳቸው። «እኔ በእሷ ደብዳቤ ብሄድ ኖሮ፣ እዚያ የምትደርሰው ሌላ ልጅ ናት። እኔማ ያኔም እዚሁ አምቦ ነበር የምቀረው።»