አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ኮምፒውተር

ወገኖቼ፣ የነገው ፈተናችን ዛሬ በይሉኝታ ምክንያት ሊቀር ነበር።

የትምህርት ቤታችን ላፕቶፕ ስላረጀ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጭኜበታለሁ። ፈተናውን ለማተም የቀረኝ የፕሪንተሩን ፕሮግራም መጫን ብቻ ነበር። ኔትወርክ ደግሞ በግቢያችን የሚገኘው ማንጎው ሥር ነው፤ እሱም ደስ ሲለው።

ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ማውረድ አስጀመርኩና የሒሳብ መምህሩን ጋሽ ታደሰን፣ «‹ልቀጥል?› ብሎ ሲጠይቅዎ ‹አዎ›ን ይጫኑለት» ብዬ ወረቀት ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ ምንም የተጫነ ነገር የለም።

«ጠየቀኝ፤ ‹አይ፣ ይቅር› አልኩት» አሉ ኮራ ብለው።

«ለምን ጋሼ?»

«እንዴ! ገና አንዴ ሲጠየቁ እሺ ይባላል? ደግሞ ይለምነኛል ብዬ ነዋ!»

አጠገባቸው የተቀመጠው የስፖርት መምህሩ ኦሞድ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ጋሼ፣ ሊኑክስ እኮ የደጋ ሰው አይደለም! እኛ ቆለኞች ቤት ዓሣ ብላ ከተባልክ ትበላለህ፤ ካልበላህ ሌላው ይበላዋል።»

እንደገና አስጀመርኩት። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ፣ በመጨረሻም «ልቀጥል?» የሚለው ብቅ አለ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ ይሄን ያህል ከለመንከኝማ...» ብለው «አዎ»ን ተጫኑ።

ፈተናው እየታተመ ነው። ተማሪዎቼ፣ እግዜር ያጽናችሁ።

እስቲ እናንተም አውጡት፦ «አይ፣ በልቻለሁ» ብላችሁ ምን አመለጣችሁ?