ቁልፉ ለቅሶ ቤት ነው

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

ሚኒባሱ አንድ ሰው ጎድሎታል። “የባዶውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ እንሂድ” አልኩት ሹፌሩን። “እሺ፣ አሁኑኑ” አለና ሻይ አዘዘ።

የቸኮልኩት ወድጄ አይደለም። ከቆቃ ማዶ፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻል ሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ጫልቱ ትናንት ደውላልኝ ነበር። ስትወለድ ያላለቀሰች የሦስት ቀን ሕፃን ያንቀጠቅጣታል። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ በእርግብግቢቷ በኩል በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ከኦክስጅን ነቅለው እኔ ራዲዮሎጂስት ወደሆንኩበት ወደ አዳማው ሆስፒታል ሊልኳት ግን አልደፈሩም። “ማሽን አለን፣ የሚያነብ የለንም” አለችኝ።

1:45፣ ሞጆ

ወደ ደረቅ ወደቡ የሚታጠፍ ተሳቢ መንገዱን ዘግቷል። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በመስኮት ይገባል። “ተረጋጊ እህቴ፣ ቀኑ ገና ነው” ይለኛል ሹፌሩ። ለእሱ ገና ነው።

3:20፣ ሆስፒታሉ

ማሽኑስ አለ። እርግብግቢት ላይ የምታርፈው ትንሿ መመርመሪያ ግን “እንዳትበላሽ” ተብላ፣ ከመጣች ጀምሮ ከነካርቶኗ ግምጃ ቤት ተቆልፎባታል። ቁልፉ ከግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከአቶ ቶሎሳ ጋር ነው። አቶ ቶሎሳ ለቅሶ ቤት ናቸው፤ ስልካቸውም ዝግ ነው።

“ትናንት አትነግሪኝም?”

“እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው” አለች ጫልቱ፣ አንገቷን ደፍታ።

ሕፃኗ ዓይናችን እያየ ተንቀጠቀጠች። እናቷ መሬማ፣ የሽንኩርት እርሻ ሠራተኛ፣ ጣቷን አስጨብጣት ታየናለች።

4 ሰዓት፣ ድንኳኑ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁልፍ አምጡ አይባልም። መቀመጥ አለ፣ “እግዜር ያጥናችሁ” ማለት አለ፣ ንፍሮ መዝገን አለ። ንፍሮውን እንደ ኪኒን ዋጥኩት። ከዚያ አቶ ቶሎሳ አጠገብ ተጠግቼ ጉዳዩን ነገርኳቸው።

“አሁን ብነሳ ሰው ምን ይለኛል? ከቀብር መልስ ይሁን።”

“ጋሼ፣ ያቺኛዋ ገና አልሞተችም!”

ጮኼ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አቶ ቶሎሳ ተነሡ።

5:30፣ ሕፃናት ክፍል

መሬማ የቀባቻትን ቅቤ ጠርጌ መመርመሪያዋን አሳረፍኩ። በግራ በኩል ትንሽ ደም አለ፤ ገና አልተስፋፋም። በየሁለት ቀኑ ካልታየች ግን ሲብስባት አናውቅም። አድሬ ምስሉን ማንበብ ጫልቱን ላስተምራት ወሰንኩ።

አቶ ቶሎሳ ካርቶኑን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። “በሉ፣ ትመለስ። ያልተፈረመባት ዕቃ ውጭ አታድርም።”

“ታዲያ ይፈረምባት!”

“የሚፈርመው የክፍሉ ኃላፊ ሥልጠና ሄዷል።”

ልፈነዳ ደረስኩ። ያን ጊዜ መሬማ ተናገረች።

“ጋሼ፣ በእኔ ስም ይጻፏት። እፈርማለሁ። ከጠፋች እኔን ያሳስሩኝ።”

አቶ ቶሎሳ ሕፃኗን አዩ፣ እናቲቱን አዩ። ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ካርቶኑ ላይ ዘረጉት።

“ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ” አሏት።