በቁሙ የተለቀሰለት ሻጭ

ሠራተኛ ሊለቅ ሲል ማርፈድ ይጀምራል ይላሉ። እኔ አላምንም። የሚያረፍድ ሰው ቢያንስ ያፍራል፤ ምክንያት ይፈጥራል፣ ጤነኛ አጎቱን ሆስፒታል ያስተኛል። የሚያስፈራው በድንገት ሰዓት አክባሪ የሆነው ነው። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ ያዘዝከውን ይሠራል፣ ያላዘዝከውን አይነካም። አካሉ ሱቅህ ውስጥ ነው፤ ልቡ መናኸሪያ ቆሞ መኪና ይጠብቃል።

ሶዶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቆርቆሮ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ኑሮው ሲወደድ ስሱን ቆርቆሮም ማስገባት ጀምሬያለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ይሸጣል፣ ትርፉም አይከፋም። ሻጬ የዱቦ አካባቢ ሰው ነው። ድሮ ገበሬ ገና ደጃፍ ሲደርስ በወላይትኛ ይጠራው ነበር። ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል፣ ስለ አማቱ ይጠይቀዋል፣ በመጨረሻ ስለ ቤቱ ስፋት ይጠይቀዋል። ገበሬው ሚስማር ሊገዛ መጥቶ ጣራ ተሸክሞ ይሄዳል።

አንድ ሰሞን ግን ይሄ ሁሉ ቀረ።

«ቆርቆሮ አለ?»

«አለ።»

«ዋጋው?»

ዋጋውን ይነግራል። በቃ። ደንበኛው ትንሽ ይቆማል፣ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ይወጣል።

በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ከሐዋሳ የመጣ ነጋዴ ከእኔ የሚበልጥ ሱቅ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ ሰውዬውና ሻጬ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው አየሁ። አቮካዶ ቀርቦላቸዋል። እኔ ደግሞ ይህን አውቃለሁ፦ ነጋዴ ነጋዴ ላልሆነ ሰው በከንቱ አቮካዶ አይጋብዝም።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ወንበሬን ደጃፍ አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። ሻጬ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። ሻጭ ጠፍቶ አይደለም፤ ሥራ ፈላጊ በየቀኑ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። ግን ቆርቆሮ በሁሉም ሱቅ አንድ ነው። ሰው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው የሚሻገረው የሚያምነውን ሰው ተከትሎ ነው። እሱ መናኸሪያው ጋ ከተሻገረ የዱቦ ጣራ ሁሉ አብሮት ይሻገራል። ደሞዝ ጨመርኩለት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ከባጃጅ መልስ እንደሚቀበል ሰው ተቀበለኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ታጠናለች። ጭንቀቴን ሰምታ፣

«አባዬ፣ ሰውዬው ሞቲቬሽን አጥቷል» አለችኝ።

«የት ነው የሚሸጠው?»

«አይሸጥማ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የማውቀው የሚሸጥ ነገር ነው።»

ሰው በሥራው መታየት ይፈልጋል አለችኝ። ትልልቅ ሆቴሎች ጎበዝ ሠራተኛቸውን ፎቶ አስነስተው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ዕውቅና ይባላል። ሐሳቡን ወደድኩት። አንደኛ መልካም ነው፤ ሁለተኛ ርካሽ ነው።

ከመታወቂያው ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶ ኮፒ ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። «አሳድገህ፣ በፍሬም አድርገህ፣ ከሥሩ ስሙንና ምስጉን ሠራተኛችን የሚል ጻፍበት» አልኩት። ባለ ፎቶ ቤቱ ምስሉን አየ፣ እኔን አየ።

«ለመቼ ነው?»

«ለነገ ጠዋት ከደረሰ።»

«ይደርሳል። አይዞን ጋሼ» ብሎ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። አስተዳደጉ ደስ አለኝ።

በእኛ አገር ፎቶው በዚያ መጠን አድጎ ፍሬም የሚገባለት ሰው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ስንቱን ፎቶ ከፊት አስቀድመን ተከትለናል! እኔ ግን ሐሳቤ አቮካዶው ላይ ነበር።

ፎቶው በማግሥቱ መጣ። ሻጬ ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ክራባት አስሯል። ከጀርባው ነጭ ደመና፣ ዙሪያውን አበባ። ኮቱም ደመናውም የፎቶ ቤቱ ምርቃት ነው። ከቀለም ጣሳዎቹ በላይ ሰቀልኩት። ሻጬ ገብቶ ቀና አለና ብዙ አየው።

«ጋሼ፣ ክራባቱን ከየት አመጣሁት?»

«የፎቶ ቤቱ ነው።»

«ደመናውስ?»

«እሱም።»

ራሱን ነቀነቀ። ሲሚንቶ ገብቶ ስለነበር ስልኩን አቧራ እንዳይገባበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ከጓሮ ወዳለው መጋዘን ሄደ።

የገበያ ቀን ነበር። መጀመሪያ የገቡት አንድ የዱቦ ሽማግሌ፣ የእሱ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። ፎቶውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሚስማር ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ዛሬ ጠዋት።»

«በምን ምክንያት?»

«በሥራው ነዋ!»

«ሥራ ላይ እያለ?»

«ታዲያስ! እሱ መቼ ከሥራ ይለያል አባባ።»

እንባቸው ወረደ። «ደግ ሰው አይበረክት» ብለው ሳይገዙ ወጡ። ሰው ለሽልማት ይህን ያህል ያለቅሳል እንዴ አልኩ ለራሴ።

ትንሽ ቆይቶ የመሳቢያው ስልክ ጮኸ። ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ። ያ የአቮካዶ ሰውዬ ነው አልኩ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! መሳቢያውን ገፋሁት፣ አልበቃኝም፣ ጆንያ ጣል አደረግሁበት።

ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ደጃፌ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ልቅሶው ደረሰ። ቀድመው የወረዱት የሻጬ እናት ናቸው፤ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረዋል። «ታ ናኣው! ልጄ! ታ ናኣው!» ከኋላቸው ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የጠዋቱ ሽማግሌ። ሁሉም ተጋፍተው ከፎቶው ሥር ቆሙ። ያን ጊዜ ነው አበባውን ያየሁት። ደመናውን ያየሁት።

«እናቴ፣ አልሞተም! ደኅና ነው!» አልኩ። ማን ይሰማል? ሐዘንተኛን ለማረጋጋት አልሞተም ያልተባለበት ልቅሶ የለም።

ሙሾው ቀጠለ። አንዷ ጎረቤት የታመመ ልጇን ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ሽማግሌው ደረታቸውን እየመቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዚህ ቤት ስሱን ቆርቆሮ ልገዛ ስል በጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አባባ ይሄ ሁለት ክረምት አይችልም፣ ታግሰህ ወፍራሙን ውሰድ ያለኝ ልጅ! እንደ ልጄ የመከረኝ!»

«እኔንም!» አለ ሌላው።

«እኛንም!» አሉ ከኋላ።

በልቅሶ መሐል የሰማሁትን አሰብኩት። እኔ ደሞዝ እየከፈልኩት የእኔን ዕቃ እንዳይገዙ ይመክራል። ልቆጣ ስል ደግሞ ዓይኔ ሰዎቹ ላይ ዞረ። ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው። እንዳይገዙ እየመከረ ነው ያቆያቸው።

በዚህ መሐል የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ሻጬ ከፀጉሩ እስከ እግሩ ሲሚንቶ ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ እየታየ ብቅ አለ። «ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለ።

ጩኸት ማለት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግማሹ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። የሐኪም ቤቷ ሴት ጋሪ ሥር ገባች። እናቱ ብቻ ቆመው ቀሩ። ተጠጉ፣ ጉንጩን በጣታቸው ጠረግ አደረጉ፣ በጥፊ መቱት፣ ከዚያ አቅፈው ሳሙት።

«ስልክ ለምን አታነሳም!»

ልጁ እኔን አየ። እኔ ጆንያውን አየሁ።

ለልቅሶ የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይመለስም። ዳቦና ለስላሳ አስመጣሁ። ሳቁ ከልቅሶው በላይ ሆነ። እናትየው ግን አልሳቁልኝም። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ከነክራባቱ ገደልከው!» አሉና ፎቶውን ራሳቸው አውርደው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ አይሱዙው ላይ ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። ሲሚንቶውን ገና አላራገፈም።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ሁሉም ተናገረ። አሠሪዬ ብቻ ዝም አለ።»

«አልሞትክማ።»

«ብሞትስ? ምን ትል ነበር?»

የተሰነጠቀ ባልዲ አሞግሼ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ማሞገሻ አልፈለግሁም። «እሱ ከመጣ ወዲህ የገንዘብ ሳጥኔን ክፍት ትቼ ምሳዬን ቤቴ በላሁ፣ እል ነበር» አልኩት።

ከዚያ ሳቅ ሲል ጉንጩ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ ተሰነጠቀ።

«የሐዋሳው ሰውዬ እሱ ጋ እንድሠራ ጠይቆኛል» አለ።

«አውቃለሁ። ደሞዙም ይበልጣል።»

«የደሞዙ ነገር አይደለም። ያንን ስስ ቆርቆሮ ካስገባህ ወዲህ እሁድ እሁድ ዱቦ ስሄድ ቀና ብዬ ጣራ አላይም። ከማን ገዛችሁ ሲባሉ ያንተን ስም አይጠሩም ጋሼ። የእኔን ነው የሚጠሩት።»

«ርካሽ የሚፈልግ ሰው አለ። ነውር አይደለም።»

«ለዶሮ ቤት ነውር የለውም። ለሰው ቤት እኔ አልሸጥም። እሱን ካስቀረህ እቀመጣለሁ።»

የስሱን ትርፍ አሰብኩ። ደጃፉን አየሁ። ከዚያ፣ «እንዳልክ አድርገው» አልኩት። አፌ አለ እንጂ ሆዴ ገና ይሟገት ነበር።

ማታ ለልጄ ስነግራት ተንከትክታ ሳቀች። «ሐሳቡ ልክ ነው አባዬ፤ ፍሬሙ ነው የተሳሳተው።» እኔ ግን ፍሬም ብቻ አይመስለኝም። ሰው በሚሸጠው ነገር እያፈረ ክራባት ብታስርለት ያንቀዋል።

ሻጬ ሰውዬው ጋ ሄዶ እንደማይመጣ ነገረው። ስሱን ቆርቆሮ ወደ ጥግ ገፍቶ በጠመኔ ለዶሮ ቤት ብሎ ጻፈበት፤ በአማርኛም በወላይትኛም። ከዚያ ወዲህ ማንም በሰው ፊት ሊያነሳው አይደፍርም።

ባለፈው ሳምንት ከቢጠና የመጣ አንድ ችኩል ሰውዬ ለአዲስ ቤቱ ያንኑ ስስ ካልገዛሁ ብሎ ገንዘቡን አወጣ። ሻጬ ውስጥ ነበር። እጄን ዘርግቼ ልቀበል ስል ድምፁ ከጓሮ መጣ።

«ወንድሜ፣ ዶሮዎቹ ስንት ናቸው?»

ሰውዬው ቀላ፣ ሳቀ፣ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ። ወፍራሙን በሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ይመጣል ወይ፣ አላውቅም። አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው።