ለሠርግም ለለቅሶም ያልሆነ ሙዚቃ

ጦርነቱን ሸሽተን ከሱዳኗ ገዳሪፍ በወጣንበት ምሽት ሾፌሩ «ወይ ፍራሹ፣ ወይ ጊታሩ፤ ሁለቱን አልጭንም» አለ። የልጅ ልጄ ሰላም አንገቷን ደፋች። እኔ ሰው ጊታር ላይ አይተኛም ብዬ ልከራከር አፌን ከፍቼ ሳለ፣ እጄ ፍራሹን ገፍትሮ ጣለው። እናንተ እዚያ የቀራችሁ፣ ፍራሹን ያነሣ ካለ በደህና ይተኛበት።

ገላባትን አልፈን መተማ ስንገባ ያው ሙቀት፣ ያው አቧራ። እዚያ «ሐበሺያ» ስባል ዕድሜዬን ጨርሼ፣ አገሬ ገብቼ «ሱዳኗ አሮጊት» ተባልሁ። ሆዴ የሱዳኑን ስስ ቂጣ፣ ክስራውን፣ ለምዶ እንጀራው ይኮመጥጠኛል፤ እዚያ ሳለሁ ደግሞ ለእንጀራ ነበር የማለቅሰው።

ሰላም የምትጫወተው ከያሲር ጋር ነው። አብሮን የተሰደደ የገዳሪፍ ልጅ ነው፤ ከበሮው እዚህ መተማ ያገኘው ባዶ የናፍጣ በርሜል ነው። ሙዚቃቸውን እንዴት ልንገራችሁ? በርሜሉ ትራክተር ጓሮ የገባ ያህል ደረት ይደልቃል፤ በላዩ ሰላም ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ ብላ ታዜማለች። የምትዘፍነውም ስለ ሰው ነገረ ሥራ ነው፤ ልጁን መትቶ ተደብቆ ስለሚያለቅስ አባት፣ እንግዳውን ውኃ አጠጥቶ «መቼ ነው የምትሄዱ?» ስለሚል ሰው።

«ሰውኮ ሁለት ነው እምዬ» ትለኛለች።

«እኔ አንዱንም አልቻልሁት» እላታለሁ።

የምፈልገው እዚሁ አጠገቤ ሆና እንድትጫወት ብቻ ነበር። የምጫወትበት ቦታ ካጣሁ እሄዳለሁ ብላኛለች።

መጀመሪያ በተከራየንበት ግቢ፣ ከሣር ዳሱ ከራኩባው ጥላ ሥር ሲጫወቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? በርሜሉን የሰሙ ጎረቤቶች ሠርግ መስሏቸው እልል እያሉ መጡ። ዜማውን የሰሙት ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። በሩ ላይ ተገናኙ። አንዷ «ማን ሞተ?» ትላለች፣ አንዷ «ማን አገባ?»። የግቢው ባለቤት አያ ታከለ መሐል ቆሞ ላብ አጠመቀው።

«እማማ፣ ቤቴን መሳቂያ አደረጉት!»

«ማንም አልሞተ፣ ልጄ።»

«ያገባም የለ! ታዲያ ምንድን ነው?»

ፈቃድ አምጡ አለ። ቀበሌ ሄድን። ሹሙ ወንበር ሰጠኝና፦

«የሠርግ ነው የለቅሶ?»

«የሁለቱም ነው።»

«እንዲህ ያለ የለንም እናቴ። አንዱን ይምረጡ።»

«አንተ ራስህ ዛሬ ደስ ብሎህ ነው የዋልህ፣ ከፍቶህ?»

ሣቀ፤ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ። «እሱን ይተዉት» አለ። ፈቃዱንም አብሮ ተወው።

ልጆቹ ድምፁን ቀንሰው መጫወት ያዙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ታከለን ከግድግዳው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አገኘሁት። ደስ አለኝ፤ አሁንስ ገባው አልሁ።

«እናቴን አስታወሰኝ» አለ።

«እንግዲያ ይጫወቱ?»

«በየቀኑ ማልቀስ አልችልም እማማ። ቤቱን ልቀቁልኝ።»

ይህን ብሎ ዕቃችንን ራሱ ተሸክሞ አዲሱ ቤት ድረስ አደረሰልን። ልርገመው ልመርቀው? አዲሷ አከራይ ገና በሩን ሳንገባ «በርሜል አላስገባም» አለች። ሰሊጥ የሚከማችበትን መጋዘን ብንለምን ዘበኛው «ሰሊጡ ይደነግጣል» ብሎ ቀለደብን። መንገዱ ደህና ነው በተባለ ሳምንት ሰላምና ያሲር በርሜሉን አይሱዙ ላይ ጭነው ጎንደር ሄዱ።

ትናንት ደወለች።

«እምዬ፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘን።»

«ተመስገን! በላሽ?»

«ጠግቤያለሁ። ግን ባለቤቱ የሚያስለቅሰውን ተዉት፣ የሚያስጨፍረውን ብቻ በሆቴሉ ከበሮ ተጫወቱ አለን።»

«እና?»

«ምን እናድርግ፣ ተውነው። በርሜሉን ያሲር ውኃ ያጠራቅምበታል።»

ከሄደች ወዲህ ጸሎቴ ይኸው ነበር፤ ትብላ፣ ጣራ ታግኝ፣ ደህና ትሁን። ሁሉንም አገኘች። ታዲያ ምን ሆኜ ነው ስልኩን ይዤ ያነባሁት? «ይቅርብሽ፣ ነይ» ማለት ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ግን ወዴት ትምጣ?

«እምዬ፣ አለሽ?» አለች።

«አለሁ» አልኋት። «ብቻ ብይ።»