የታፈኑት ድንቾች

ታናሽ እህቴ ድንች ትሸጣለች። ስትሸጥ ግን እጇ አፈር ይዞ ያየ ሰው የለም፤ ሰፈሩ «እመት ሳሙና» የሚላት ለዚህ ነው።

ድንቿን የምታኖርበት ምድር ቤት ግድግዳው ላይ የአየር ቀዳዳዎች አሉት። ከበላዩ የሚሠራው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ደንበኞቹ ፊት አፍንጫውን ይዞ፣ «እመት ሳሙና፣ ሳሙናው አለቀ እንዴ? ቤትሽ ይሸታል!» አላት። የሸተተው አፈር ነበር፤ ሰዎቹ ግን ሳቁ።

እህቴ ነደዳት። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ጠቀጠቀች፣ ክምሩን በላስቲክ ሸፈነች፣ በሩን ቆለፈች። የወቅቱ ሀብቷ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ «ወንድምጋሼ፣ ድረስልኝ» ብላ ላከችብኝ። በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝን ጠረን ለመጻፍ እንኳ ይቀፈኛል። ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦታል። እጄን ወደ ክምሩ ብሰድ ለብ ይላል፤ ጣቶቼ ሰመጡ፣ ዝልግልግ ውሃ በክንዴ ወረደ። ደህና የሚመስለውን ስንቆርጠው መሐሉ ጠቁሯል።

«ማነው መርዝ የጨመረብኝ?»

«አንቺው አፍነሽው ነው።»

«ድንች ደግሞ ይታፈናል እንዴ?»

«ይታፈናል እንጂ!»

ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ያነበብኩትን ነገርኳት። ድንች ከአፈር ከወጣም በኋላ ይተነፍሳል። ሕዋሳቱ ድንቹ ካጠራቀመው ምግብ የሚያገኙትን ስኳር በኦክስጅን፣ ያለ ነበልባል፣ ቀስ እያሉ ያቃጥሉታል፤ በሕይወት የሚቆዩት ከዚያ በሚያገኙት ጉልበት ነው። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከጉልበቱም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ያመልጣል። የእኛም ገላ የሚሞቀው በዚሁ ነው። ሕዋሳቱ ኦክስጅን ሲያጡ ግን ከዚያው ስኳር የሚያገኙት ጉልበት ኢምንት ነው። ይሞታሉ፤ የሞተውን ብስባሴ ይወርሰዋል።

በበሩ ስንጥቅ በኩል የነበሩት ብቻ ተርፈው ነበር፤ እነሱን ለቅመን ደጅ አሰጣናቸው።

ልብስ ሰፊው በመስኮት ብቅ አለ። «ኧረ ጉድ! እዚያ ታች ምን ሞተ?»

«ድንቼ ነዋ! ላንተ አፍንጫ ብዬ ገደልኩት!»

ጨርቆቹን ከቀዳዳው ነቅላ ከነዝልግልጋቸው የልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ጣለቻቸው። ሰውየው መስኮቱን ድርግም አደረገው።

«ዝጋ!» አለችው፣ የቆሸሸ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እኔ ከእንግዲህ አልዘጋም። አንተ ግን ሳትታፈን ዘግተህ ስንት ቀን እንደምትሰነብት አያለሁ።»