ክንዱን የሚያንኳኳው

የዚያ ዓመት የዳላስ ሙቀት ጥላ ውስጥ እንኳ እንደ ሰው ይተነፍስብን ነበር። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አንድ ያገራችን ልጅ አጠገቤ ይቀመጣል። የሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ማሽን ነርቩን ከብብቱ ሥር ቆርጦት፣ ቢሰፉለትም ቀኝ እጁ በድን ሆኗል። እጁ እንዳደፈ ሰው ለሰላምታ ክርኑን ይሰጠኛል፤ ከዚያ ወዲያ አይሰማውማ። ደግሞ ክንዱን በጣቱ ያንኳኳል።

«ማንን ነው የምትጠራው ልጄ?»

«ነርቤን ነው እማማ። ውስጡ ቀጫጭን ክር እየዘረጋ፣ በዚያ ተደግፎ፣ ጫፉ በጨለማ እየዳሰሰ ይመጣል አለኝ ዶክተሩ። የደረሰበትን ሳንኳኳ የሞቱትን ጣቶቼን ይነዝረኛል።»

«ቢዘገይስ?»

«እንግዲህ እጄ መንምኖ ካለቀ ባዶ ቤት ነው የሚገባው» ብሎ ሳቀ።

በቀጣዩ ፋሲካ ሰሞን ለሰላምታ በክርኑ ፈንታ የእጁን አንጓ ሰጠኝ። ቀዝቃዛ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ኧርቪንግ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ብቻውን ተቀምጦ መዳፉን እያንኳኳ ነበር።