የትልቋ ልጅ ካርቶን

ስልኩ ሲጮኽ ሰዓት ሠሪው የአንድ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ነበር። ቁጥሩን አያውቀውም። የማይታወቅ ቁጥር ሁልጊዜ «ሰዓቴ ደረሰልኝ ወይ?» የሚል ደንበኛ ስለሆነ፣ «ነገ» የሚለውን መልስ አፉ ላይ አዘጋጅቶ አነሳው። ሰፈሩ «ደቂቃ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። «አንዲት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ያስቀመጠው ሰው እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሸብቶ ይነሳል እያሉ ይቀልዱበታል።

የደወለችው ግን ባለቤቱ ትሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ባለቤቱ እዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመት መጽሐፍ ስታውስ፣ የተገነጣጠለውን ስትጠርዝ፣ የሚንጫጫውን ልጅ ጸጥ ስታሰኝ ኖራ፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ታማ ሞተች። አራት ወሯ ነው።

«ጋሼ፣ የእትዬን ቁም ሣጥን ልናስረክብ ነው» አለች ልጅቷ። «አዲስ መደርደሪያ ሊገባ ነው። ውስጡ አንድ ካርቶን አላቸው። ሰው እጅ ሳይገባ መጥተው ቢወስዱልኝ።»

ምን ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ትርፍ ጫማ ይሆናል፣ ሹራብ ይሆናል፤ ምናልባትም ጠፋብኝ ብላ ቤቱን ያመሰችበት መነጽር።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ሄደ። መንገዱ ሁለት አውቶቡስ ነው። ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ቆሞ ሲጠብቅ ጉልበቱ ዛለና፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለችው አለ በልቡ። ሰፈራችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ተዛወሪ እያለ ስንት ጊዜ ጨቅጭቋታል። «የእዚያኞቹን መጻሕፍት ጠባይ ለምጄዋለሁ» ትለው ነበር። ስትቀልድ ፊቷ አይስቅም፤ ስለዚህ የምሯን ይሁን የቀልዷን ሳይለይ ወሬው ያልፋል።

ልጅቷ በሩ ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ከቁም ሣጥኑ ካርቶኑን አወጣች። የጫማ ካርቶን ነው። ዙሪያውን በመጽሐፍ መጠረዣ ጨርቅ ተለብጧል፣ አራቱም ጥጉ ጥንቅቅ ብሎ ተጣብቋል። የባለቤቱ እጅ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስንጨርስ፣ ‹አንቺ ሂጂ፣ እኔ የምጠርዘው አለኝ› ይሉኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «አንዳንዴ ዕቃ ረስቼ ስመለስ ይህን ከፍተው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አይደብቁኝም፤ እንዲያውም ስለ ልጃቸው ያጫውቱኛል።» ፈገግ አለች። «ለመሆኑ ትልቋ ልጅዎ እንዴት ናት? ቀብሩ ላይ ባያት ብዬ ነበር። ሩቅ ናት መሰለኝ።»

«ማን?»

«ትልቋ፣ ፌንጣ የሚሏት። ‹ትንሿ መጽሐፍ ትወዳለች፣ ትልቋ ግን መቀመጫ የላትም፣ ሥራዋ መዝለል ነው› ይሉኝ ነበር። እኔማ ስፖርተኛ መስላኝ ነበር።»

ያንን ስም ከሰው አፍ ከሰማ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ካርቶኑን ደረቱ ላይ ለጠፈው። 

«ደህና ናት» አለ።

«ሰላም ይበሉልኝ።»

«እሺ፣ እላታለሁ።»

ፌንጣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበረች። ከደረጃ በእግሯ መውረድ አታውቅም፣ ትዘላለች፤ ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። አንደኛ ክፍል የገባችው እናቷ በምትሠራበት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሰባት ዓመት ሞልቷት ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ራሴን አመመኝ ብላ ተነሳች። ሰውነቷ ይፋጃል። እናቷ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለች። እሱ ደግሞ በዚያ ቀን ላስረክብ ብሎ ለአንድ ቢሮ ቃል የገባው ትልቅ ሰዓት ነበረው። «ትኩሳት ነው። ከሰዓት በኋላ ካልተሻላት እኔ እወስዳታለሁ፤ አንቺ ሥራሽ ሂጂ» አላት።

ሱቁ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ካፖርቱን አንጥፎ አስተኛት። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠየቀችው፣ ሰጣት። ሦስተኛ አልጠየቀችም። እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ደስ አለው። ታቅፏት ሲሮጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ማጅራት ገትር ነው አሉት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተች።

ባለቤቱ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችውም። ብትሰድበው፣ ደረቱን ብትደበድበው ይሻለው ነበር። ፌንጣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶዋ ውስጥ ሆና፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ታየዋለች። በሦስተኛው ሳምንት አልቻለም። «የእሷን ነገር ሁሉ ከዚህ ቤት አውጪልኝ። ፊቷን ማየት አልችልም» አለ። ባለቤቱ «እሺ» አለች። ከሱቅ ሲመለስ ግድግዳው ባዶ ነበር። የት እንዳደረሰችው አልጠየቀም፤ አቃጥላዋለች ብሎ ለራሱ ደመደመ። ብዙም ሳይቆዩ ሰፈር ቀየሩ። ዘመድ አዝማዱም ነገሩን እንዳያነሳ አፉን ለጎሙት። በሁለተኛው ዓመት ሚጢጢ ተወለደች፤ እህት እንደነበራት ሳይነገራት አደገች። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ከአባቷ በአንድ ክንድ ትረዝማለች፤ ስሟ ግን ያው ሚጢጢ ነው።

እየቆየ ደግሞ የባሰ መጣ። የፌንጣ ፊት ጠፋበት። ፀጉሯን ያስታውሳል፣ የጫማዋን ድምፅ ያስታውሳል፣ ፊቷን ግን ልያዝ ሲል ያመልጠዋል። ምን ትመስል ነበር ብሎ ባለቤቱን ሊጠይቃት ስንት ጊዜ ከአፉ መለሰው። በምን አፉ ይጠይቃል? ቁስሏን እነካለሁ ብሎ ተወው። ለካ እሷም የእሱን እነካለሁ ብላ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ስትሸሽ የኖረችው።

ከትምህርት ቤቱ ተመልሶ ሱቁን ከፍቶ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። የግድግዳውን ሰዓት ብሎኖችና ጥርሶች ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ካርቶኑን ከፈተ።

አሥራ አንድ ፎቶ ነው። ጠርዛቸው በጣት መነካካት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ከሥር አንድ የአንደኛ ክፍል ደብተር አለ፤ ፊደሎቹ መስመሩን ለቀው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ መምህሯ በቀይ «ቀጥ አድርጊ» ብላባቸዋለች። ቀይ የፀጉር ማስያዣ አለ። በካሜራ ፊልም ማስቀመጫ ዕቃ ውስጥ፣ በጥጥ የተጠቀለለች አንዲት የወተት ጥርስ አለች። ከሁሉ በታች ለአራት የታጠፈ የሐኪም ቤት ካርድ ተቀምጧል። ካርዱን አልገለጠውም።

ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወደ መጀመሪያው ፎቶ ጎንበስ አለ። እሷ ናት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ከበርሜል ላይ ዘልላ የወደቀች ቀን ያመጣቻት፣ እዚያው አለች። ጠባሳዋን ጭራሽ ረስቷት ነበር። ሁለተኛው ላይ አንድ ጥቁር ፀጉሩ የተንጨባረረ ወጣት ልጅቷን ትከሻው ላይ ሰቅሎ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ይህ ደግሞ ማነው ብሎ አሰበ፤ ሸሚዙን ሲያይ ራሱ መሆኑን አወቀ። ያን ጊዜ እንባው መነጽሩን ሞላውና ምንም አልታይ አለው።

ሚጢጢ በስድስት ሰዓት ምሳውን ይዛለት ስትመጣ በዚያው ሁኔታ አገኘችው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና አንዱን ፎቶ አነሳች። ባለቤቱ ልጅቷን አቅፋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ የሚያሳይ ነው። «ይቺ እማዬ ናት፤ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ይቺ እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ ማን ናት? እኔን ትመስላለች እኮ።»

«እህትሽ ናት» አለ። የቀረውን ሲነግራት ጠረጴዛውን እንጂ እሷን አላያትም። ራሴን አመመኝ ካለችበት ጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን፣ ካፖርቱን፣ ውሃውን፣ ከዚያም ከቤቴ አውጪልኝ ያለውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ሚጢጢ ፎቶውን መልሳ አስቀመጠች። «እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አምሽታ የምትመጣው ለእዚህ ነበር?»

«ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«ልጅ ሆኜ አጥር ሥር ቆሜ እጠብቃት ነበር። ‹ሥራ በዛብኝ ልጄ› ትለኝ ነበር።» ድምፅዋ አልጮኸም። «ሁለታችሁም ዋሻችሁኝ፣ አባዬ።»

 ሚጢጢ የታጠፈውን ካርድ ገልጣ ቆማ አነበበችው፤ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ የዕለት ሥራዋ ነው።

«በጠዋት ብወስዳት ትተርፍ ነበር?» አላት። ይህን ጥያቄ ለማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሚጢጢ ካርዱን መልሳ አጠፈችው። «ልትተርፍ ትችል ነበር» አለች። «ላትተርፍም ትችል ነበር። ይሄ በሽታ ሲቸኩል በጠዋት የመጣውንም ይወስዳል። ልዋሽህ አልፈልግም።»

«አትዋሺኝ።»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ምሳው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ሁለት ሳምንት አልመጣችም፣ ስልክም አታነሳም። ሰዓት ሠሪው ከፎቶዎቹ ሁለቱን ፍሬም አስገብቶ ከአልጋው ትይዩ ሰቀላቸው። መጀመሪያ ላይ ወደዚያ ሳያይ ልብሱን ይለብስ ነበር፤ ኋላ ላይ እያየ መልበስ ቻለ። ለባለቤቱ ብዙ የሚነግራት ነገር ነበረው። ባዶው ወንበር ላይ ዓይኑን ጥሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ምናለ አንድ ቅዳሜ ነይ ብትይኝ» አላት አንድ ቀን፤ ደግሞ መልሶ፣ ብትጠራው ኖሮ እንደማይሄድ ትዝ አለው። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ሚጢጢ በሩን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል። ግድግዳውን አየች፣ ፎቶዎቹ ሥር ቆየች። ከዚያ «የት ነው የተቀበረችው?» አለች።

«እናትሽ አጠገብ።»

ባለቤቱ ልትሞት ስትል ከተማው ዳር ባለው በአሮጌው መቃብር ቅበሩኝ ብላ ስትለምን ሚጢጢ ግራ ገብቷት ነበር፤ ሰፈራቸው አጠገብ ያማረ መቃብር እያለ ምን አስሮጣት ብላ። አባቷ ምክንያቱን እያወቀ፣ እናትሽ ያለችው ይሁን ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። በቀብሩ ዕለትም ሰው ሲያለቅስ እሱ ቀኝ ቀኙን እያየ ነበር የቆመው። በግራው በኩል ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ላለማየት ነው።

አብረው ሄዱ። የባለቤቱ አፈር ገና ድንጋይ አልለበሰም፤ ከአጠገቡ ትንሿ መቃብር አለች። ሰዓት ሠሪው ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያልረገጣት፣ አረም የዋጣት መስላው ነበር። ድንጋይዋ ግን ንጹሕ ናት፤ ፊደሎቿ በነጭ ቀለም በየጊዜው ሲታደሱ ኖረዋል፣ የቀለሙ ንብርብር ከድንጋዩ ከፍ ብሎ በእጅ ይዳሰሳል። አረም የበቀለው በእነዚህ በአራት ወሮች ብቻ ነው።

ተንበርክኮ መንቀል ጀመረ። ሚጢጢም በሌላው በኩል ተቀመጠችና አብራው ነቀለች። ብዙ ቆይታ፣ አፈሩን ከእጇ እያራገፈች፣ «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» አለችው።

የሚያውቀውን ነገራት። ከደረጃ መዝለሏን ነገራት፣ ከበርሜሉ መውደቋን ነገራት፣ የሰዓት ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ለጥፋ መተኛት መውደዷን ነገራት። ሚጢጢ አረሙን እየነቀለች ሰማችው። አንድ ቦታ ላይ ሳቅ አለች።

«አንተን ምን ብላ ነበር የምትጠራህ? እንደ እኔ አባዬ ነበር የምትልህ?»

ሰዓት ሠሪው ሊመልስ አፉን ከፈተ። አባዬ አልነበረም። እሷ ብቻ የምትጠራው፣ አንደበቷ ገና ሳይፈታ ያወጣችለት፣ ሌላ አጠራር ነበረ። ምላሱ ጫፍ ላይ ያለ መሰለው። ነቅሎ የያዘውን አረም በእጁ እንደያዘ ጠበቀ፤ አልመጣም። ሚጢጢ ፊቱን አይታ «ተወው አባዬ፣ ሌላ ቀን ትነግረኛለህ» አለች።

«ሌላ ቀንም አላውቀውም» አላት። «እናትሽ ታውቅ ነበር።»